የከብቱ ቆዳና የኮምፒውተሩ ነጠብጣብ

እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል ከሚኖሩት ሙርሲዎች ጋር ተቀምጦ ባለቀለም ካርዶች እያሳየ እያንዳንዱን በቋንቋቸው ምን እንደሚሉት ይጠይቅ ነበር። ካርዱ በመንጋው ውስጥ የማይገኝ ቀለም የያዘ ሲሆን «እንዲህ ያለ ከብት የለም» የሚል መልስ ያገኛል። በ1980 ‹ማን› በተባለው የአንትሮፖሎጂ መጽሔት ላይ ላወጣው ጥናት ርእስ አድርጎ የመረጠው ይህንኑ መልስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

አጭር መልስ ነው፤ ከጀርባው ግን አንድ ሙሉ የምስል ሥርዓት አለ። በሙርሲ ቋንቋ የቀለም ስሞች የከብት ቆዳ ስሞች ናቸው። ጨርቁም ጨሌውም አፈሩም የሚጠራው እሱን በሚመስለው ከብት ቀለም ነው። ከቀለሙ ጋር ደግሞ የንድፍ ስም ይመጣል፤ ነጩ ያረፈው ሆድ ላይ ነው ወይስ ጀርባ ላይ፣ ጥቁሩ አንገት ላይ ቆሟል ወይስ እስከ ሽንጥ ዘልቋል፣ ዝንጉርጉሩ ደቃቅ ነው ወይስ ሰፋፊ። የደጋ አራሽ በሬዎቹን ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦራ እያለ ሲጠራ ከዚህ ልማድ ጥቂቱን ይጋራል። ሙርሲና ጎረቤቱ ቦዲ ግን ነገሩን ከበረት አውጥተው የሚታየውን ዓለም ሁሉ ያዩበታል።

ተርተን ወደ ሙርሲ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በእነዚያው ዓመታት፣ የደቡብ ኦሞ ዋና ከተማ ከሆነችው ከጂንካ እጅግ በራቀ ስፍራ፣ ጥቂት ሰዎች ምንም ነገር የማይመስል፣ ሰው ወይም ዛፍ ወይም ቤት የማያሳይ፣ በተወሰነ ደንብ ብቻ እየተለዋወጠ የሚንቀሳቀስ ሥዕል በማሽን ለማውጣት ይታገሉ ነበር። ሁለቱ ወገኖች አንዱ ስለሌላው የሰማው ነገር የለም፤ ተጽዕኖ ተደራርገዋል ብሎ መጻፍም ሐሰት ይሆናል። ጎን ለጎን ሲታዩ ግን አንዱ ሌላውን ያብራራዋል። በተለይ የደቡብ ኦሞ ንድፍ በጌጥነት ብቻ ሲታይ በኖረበት አገር ይህ ንጽጽር ብዙ ዓይን የሚገልጥ ነው።

ከማሽኑ ወገን ቀድሞ የሚነሳው ስም የካሊፎርኒያው ጆን ዊትኒ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ጦር የማይፈልጋቸውን ዕቃዎች ሲሸጥ፣ ዊትኒ ኤም 5 የተባለውን የፀረ አውሮፕላን መድፍ አነጣጣሪ ገዛ። ይህ መሣሪያ የሚበረውን አውሮፕላን ፍጥነትና አቅጣጫ በጥርሳማ መዘውሮችና በሚሽከረከሩ ዘንጎች እያሰላ መድፉን ወደሚደርስበት ነጥብ የሚያዞር መካኒካል ኮምፒውተር ነበር። ዊትኒ መድፉ በነበረበት ቦታ ካሜራ፣ አውሮፕላኑ በነበረበት ቦታ ደግሞ በብርሃን የሚታይ ንድፍ አስገባ። የጦር መሣሪያው ክብ፣ መስመርና ጥምዝ ያሽከረክርለት ጀመር። በ1958 የወጣው የአልፍሬድ ሂችኮክ ‹ቨርቲጎ› ፊልም በመግቢያው የሚያሳያቸው ጥምዞች፣ ሶል ባስ ያቀናበራቸው፣ የዚሁ የዊትኒ ሙከራ ውጤት ናቸው። በ1961 በማሽኑ የሠራቸውን ናሙናዎች ሰብስቦ ‹ካታሎግ› የተባለ አጭር ፊልም አወጣ።

ከዚያ አይቢኤም የራሱን ዲጂታል ኮምፒውተር እንዲጠቀም ፈቀደለት። ከኩባንያው ባለሙያ ከጃክ ሲትሮን ጋር በ1968 ‹ፐርሙቴሽንስ› የተባለውን ፊልም ሠሩ። ፊልሙ ውስጥ ያለው ነገር ነጠብጣብ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ፍጥነቶቹ ግን በአንድ ቀመር የተሳሰሩ ስለሆኑ የተበተኑት ነጥቦች በተወሰነ ሰዓት ይገናኙና ጽጌረዳ የመሰለ ክብ፣ ኮከብ ወይም ድርድር ሠርተው መልሰው ይበተናሉ። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ስለነበረ ምስሉ አንድ በአንድ በፊልም እየተነሳ ቀለሙ በኋላ በላብራቶሪ ይገባበት ነበር። በ1975 የተጠናቀቀው ‹አራቤስክ› ደግሞ ላሪ ኩባ በጻፈው ፕሮግራም የተሠራ ሲሆን የሚሰማበትም ሳንቱር የተባለው የኢራን የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ዊትኒ ወደ ምሥራቁ ዓለም የጌጥ ንድፍ ፊቱን ያዞረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከደንብ የሚወለድ ውበት ከማሽኑ በፊት ረጅም ዕድሜ እንዳለው ያውቅ ነበር።

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በኒው ጀርሲው ቤል ላብራቶሪ፣ ኬን ኖልተን በ1963 ቤፍሊክስ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ፈጠረ። ምስሉ ወደ ጎን 252፣ ወደ ታች 184 ነጥቦች ያሉት ሰሌዳ ነበር፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከስምንት የግራጫ ደረጃዎች አንዱን ይይዛል። አርቲስቷ ሊሊያን ሽዋርትዝ ከኖልተን ጋር ሆና በ1970 ‹ፒክሲሌሽን›ን ሠራች፤ በኮምፒውተር የወጡትን አራት ማዕዘኖች በእጅ ከተሳለ ሥዕልና ካጉሊ መነጽር ሥር ከተቀረጹ ፊልሞች ጋር እያፈራረቀች። ስታን ቫንደርቢክም ከ1966 ጀምሮ ከኖልተን ጋር ፊደላት ወደ ንድፍ እየፈረሱ የሚታዩባቸውን ‹ፖይምፊልድ› የተባሉ ፊልሞች አወጣ። ዛሬ ማንኛውም የእጅ ስልክ ከእነዚህ ማሽኖች እጅግ የላቀ አቅም አለው። ያኔ ግን ለጥቂት ደቂቃ ፊልም ወራት ይፈጅ ነበር፤ አቅሙ ትንሽ መሆኑም አርቲስቶቹን ጥቂት ቅርጽና ጥቂት ቀለም ይዘው፣ ደንቡን እየለዋወጡ ብዙ ነገር እንዲያወጡ አስገደዳቸው።

ጥቂት ቀለም፣ ጥቂት ቅርጽ፣ ጥብቅ ደንብ። ከጂንካ በስተምዕራብ ያሉት ቦዲዎች ዘንድ ይህንን የሚያውቅ ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር።

የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ካትሱዮሺ ፉኩይ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ከቦዲዎች ጋር ኖሮ ያጠናው ይህንኑ ነው። ራሱ እንደ ጻፈው ቦዲዎች የከብቱን ቀለምና የነጠብጣቡን አቀማመጥ እየጣመሩ በየስሙ ይለያሉ። ሕፃን ተወልዶ ስም ሲወጣለት የሚሰጠው ስም ብቻ አይደለም፤ የራሱ የሆነ ቀለምና ንድፍም ይሰጠዋል። ያንን ቀለም የያዘ ጨሌ አንገቱ ላይ ይታሰራል። ልጁ ሲያድግ የዚያ ንድፍ ባለቤት የሆነ በሬ ይኖረዋል፤ ሞራሬ ይሉታል። ይዘፍንለታል፣ ያስጌጠዋል፣ በስሙም ይጠራል። በሬው ሲሞት የሚመጣው ሐዘንም እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም፤ ፉኩይ በ1979 ባወጣው ጥናት የከብት ቀለም ትርጉምና በጎሳዎች መካከል የነበረው ደም መፋሰስ እንዴት እንደተያያዙ ጽፏል። አንድ ንድፍ የሰው ልጅ ማንነት ሆኖ ሊገደልለትና ሊሞትለት የሚችል ነገር የሆነበት ኅብረተሰብ ፊት ቆሞ «ጌጥ» የሚለውን ቃል መጠቀም ያሳፍራል።

ከፉኩይ ግኝቶች ሁሉ ከሥነ ጥበብ አንጻር ክብደት ያለው ግን የርቢው ጉዳይ ነው። ቦዲዎች የላሞቻቸውን የዘር ሐረግ በቃላቸው ይዘው እናት፣ ሴት አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። የትኛው ኮርማ ከየትኛዋ ላም ጋር ቢገናኝ ምን ዓይነት ጥጃ ሊወጣ እንደሚችል ይገምታሉ። ሥርዓቶቻቸው የተወሰነ ቀለም ያለው ከብት ስለሚጠይቁ፣ እያንዳንዱም ሰው የራሱን ንድፍ ስለሚፈልግ፣ ኮርማ የሚሆነውና የሚኮላሸው በዚሁ ሚዛን ይመረጣል። ሥጋና ወተትን ብቻ የሚያስብ አርቢ መንጋውን ወደ አንድ መልክ ሊገፋው ይችላል። የቦዲ አርቢ የሚደክመው መልኩ እንዲበዛ ነው። ፉኩይ በ1996 በታተመ ጽሑፉ ይህን የቆዳ ቀለም ብዛት ባህል ጠብቆ ያቆየው ብዝኃነት አድርጎ ያቀርበዋል።

የዊትኒ ቀመር ውጤቱን ለማሳየት ወራት ይበቁት ነበር። የቦዲው ቀመር የሚሠራው በዘር ሐረግ ውስጥ ነው፤ አንዲት ጊደር አድጋ፣ ተጠቅታ፣ ወልዳ እስክታሳይ ዓመታት ያልፋሉ፤ ያሰበው አርቢም ሞቶ ልጁ ሊያየው ይችላል። ከዚህ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቅ አብስትራክት ሥራ በየትኛው ሙዚየም እንደተሰቀለ መጥቀስ ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ከማንቸስተር የሚመጣ ሌላ ታሪክ አለ፤ ተርተን ያስተምርበት ከነበረው ከዚያው ዩኒቨርሲቲ። የኮምፒውተር ሳይንስ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው አለን ቱሪንግ በ1952፣ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ሕያዋን ነገሮች እንዴት ቅርጽና ንድፍ እንደሚያወጡ የሚመረምር ጥናት አሳተመ። ሁለት ኬሚካሎች እየተሰራጩ እርስ በርስ ሲነካኩ፣ አንድ ወጥ ከነበረ ነገር ላይ በራሳቸው ነጠብጣብና ሰንበር ሊያወጡ እንደሚችሉ በሒሳብ አሳየ። ለአንዳንዱ ስሌት ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ገና የተከለውን ኮምፒውተር ተጠቀመ። በጽሑፉ ውስጥ ያለውን አንዱን ሥዕል ግን ለጥቂት ሰዓት በእጁ እያሰላ ነው ያወጣው፤ ነጭ ላይ ጥቁር ጥቁር ሆኖ የተበተነ፣ አንድ የሙርሲ እረኛ ቢያየው ያለ ጥርጥር የከብት ስም የሚያወጣለት ዝንጉርጉር ንድፍ። ቱሪንግ ስለ ኦሞ ሸለቆ ያሰበው ነገር አልነበረም። ሆኖም ከኮምፒውተር ዘመን የመጀመሪያዎቹ የአብስትራክት ምስሎች አንዱ ቡሬ በሬ የሚመስል መሆኑ ሊረሳ የሚገባው ነገር አይደለም።

የእውነተኛው ከብት ንድፍ ታሪክ ደግሞ ከቱሪንግ ቀመር ለየት ይላል። ቀለም የሚሰጡት ሴሎች በፅንሱ ጀርባ በኩል ይነሱና ወደ ሆድና ወደ እግር እየተባዙ ይጓዛሉ። ቆዳው ሁሉ ሳይሸፈን ጉዞው ካለቀ ያልደረሱበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ለዚህም ነው ነጩ ብዙ ጊዜ ሆድ፣ ግንባርና እግር ላይ የሚታየው። በ2016 የኤድንብራና የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጥ ፅንስ ላይ ባደረጉት ጥናት ሴሎቹ በዘፈቀደ እንደሚንቀሳቀሱ፣ ነጭ ቦታ የሚቀረውም በዋነኛነት በበቂ መጠን ስላልተባዙ እንደሆነ በሒሳብ ሞዴል አሳይተዋል። ስለዚህ የበሬው ቆዳ ላይ ያለው ነጠብጣብ ራሱ የቆመ እንቅስቃሴ ነው። ደንብ አለው፣ ዕጣም አለበት። አርቢው ደንቡን ያውቃል፤ ዕጣውን ይጠብቃል።

ያ ንድፍ ዘወትር የሚታየው ደግሞ በእንቅስቃሴ ላይ ነው። ማለዳ ከበረት ሲወጣ፣ ወንዝ ላይ ሲወርድ፣ ማታ አቧራ ለብሶ ሲመለስ፣ አንዱ ነጭ ከአንዱ ጥቁር ጋር እየተጋረደ፣ እየተገናኘ፣ እየተለያየ ይሄዳል። እረኛው ሳይቆጥር አንድ ከብት መጉደሉን የሚያውቀው ይህን የሚንቀሳቀስ ስብስብ በዓይኑ ስለሚያነበው ነው። በኮምፒውተር አኒሜሽን ታሪክ ውስጥ የአብስትራክት ምስል በእንቅስቃሴ እንዴት እንደሚነበብ ብዙ ተጽፏል። ይህን ንባብ የዕለት እንጀራው ያደረገ ተመልካች ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ስሙ አይገኝም።

ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዣን ባቲስት ኤክዜ በ2019 ስለ ሙርሲዎች ባወጣው መጽሐፍ ነገሩን ወደ ሰው ስም አስጠግቶ ይመለከተዋል፤ የሙርሲ ሰው ስም ከከብት ቀለምና ንድፍ ጋር የተሳሰረ ነውና። ከጂንካ በስተደቡብ ያሉት ሐመሮችም ከዚህ አይርቁም። ኢቮ ስትሬከርና ዣን ሊዶል በ1979 ባወጡት ባለ ሦስት ጥራዝ ሥራ ውስጥ የሐመርን ኑሮ የሚያስረዳው አዋቂ ባልዳምቤ ነው፤ የስሙም ትርጉም የቡናማዋ ላም አባት ማለት ነው። በዳሰነች ሕዝብ ዘንድም የበሬ ስምና የሰው ስም እንዴት እንደሚወራረሱ ኡሪ አልማጎር በ1972 ጽፎበታል።

ከከብቱ ቆዳ ወደ ሰው ቆዳ መሻገሩ እንግዲህ ረጅም መንገድ አይሆንም።

ካራዎች በኦሞ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በዱስና በቆርቾ አካባቢ የሚኖሩ፣ በቁጥር እጅግ አነስተኛ ሕዝብ ናቸው። የሰውነት ቅባቸው ግን ከደቡብ ኦሞ ሁሉ ስመ ጥር ነው። ነጩን ከኖራማ አፈር፣ ቀዩን ብረት ካለው ድንጋይ፣ ቢጫውን ከማዕድን፣ ጥቁሩን ከከሰል ያገኙታል። በጣት እየተነካ የሚበተነው ነጭ ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ የጅግራን ላባ ይከተላል። ሌላው መስመር ነው፤ ደረትን የሚከፍል፣ ክንድ ላይ የሚጠመዝዝ፣ እግር ላይ በጣት የተፋቀ። ይህ ቅብ ለጭፈራ የሚሠራ ነው፤ የሚዘለው አካል ላይ ሆኖ እንዲታይ። ይታጠባል፣ ይረግፋል፣ እንደገና ይሠራል፤ አንዱ ከአንዱ ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም።

በሙርሲዎች ዘንድ ደግሞ ቀለሙ ከዓይን በላይ ሥራ አለው። የኦክስፎርዷ ኬት ፋየርስ ኬር ስለ ሙርሲ አፈርና ሸክላ ባደረገችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ሰውነት ላይ የሚቀባው አፈር ፈዋሽ ነው፤ ሰውን ከሚኖርበት ምድር ጋር የሚያገናኝ ነው፤ የትኛው አፈር ከየት ቦታ እንደመጣም ትርጉም አለው። ንድፉን ከአፈሩ ለይቶ ማየት ታዲያ ከነገሩ ግማሹን ማጣት ነው። ሐመር ሴቶች ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ሲሠሩ የሚይዙት ቀለምም በዚች አገር እጅግ ጥንታዊ ነው፤ ድሬዳዋ አጠገብ ባለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ያከማቹትና የፈጩት 40 ኪሎ ያህል ቀይ ድንጋይ፣ ከ4,200 በላይ ቁራጭ ሆኖ ተገኝቷል።

የሰውነት ቅብ እንደ ቋንቋ ሰዋስው አለው የሚለውን ሐሳብ በግልጽ በጽሑፍ ያስቀመጠው ሰው ጥናቱን ያካሄደው በጎረቤት ሱዳን፣ በደቡብ ምሥራቅ ኑባዎች መካከል ነው። ጄምስ ፋሪስ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ የኑባ ወጣቶች ሰውነታቸው ላይ የሚሥሉትን ንድፍ በዘፈቀደ እንደማያወጡት፣ ጥቂት መነሻ ቅርጾችን በታወቁ ደንቦች እየለዋወጡ እንደሚያመነጩት አሳየ፤ ደንቦቹንም በቀመር መልክ ጻፋቸው። በዚያው በ1972 ጆርጅ ስቲኒና ጄምስ ጊፕስ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች ሆነው፣ አብስትራክት ሥዕል በቅርጽ ሰዋስው እንዴት ሊመነጭ እንደሚችል የሚያሳየውን ጥናታቸውን አሳተሙ። ሁለቱ ሥራዎች ሲነበቡ አንድ ዓይነት ሰሌዳ ላይ የተጻፉ ይመስላሉ። የዲጂታል ሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለተኛውን ያነሳሉ፤ የመጀመሪያው በአንትሮፖሎጂ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። ይህ ክፍፍል ለሁለቱም ወገን ጉዳት ነው።

ደቡብ ኦሞን ለዓለም ያሳየው ካሜራ ከዚህ ሁሉ የያዘው ጥቂቱን ነው። ይሁንና ፊልሙና ፎቶግራፉ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ግራናዳ ቴሌቪዥን ከማንቸስተር እየተነሳ፣ ሌስሊ ውድሄድ እያዘጋጀ፣ ተርተን እያማከረ፣ በ1974 ‹ሙርሲ›ን፣ በ1982 ‹ክዌጉ›ን፣ በ1985 ስደተኞቹን ሙርሲዎች የሚያሳየውን ፊልም፣ በ1991 ደግሞ የዕድሜ እርከን ሽግግር ሥርዓቱን ‹ኒታ›ን ቀረጸ። በእነዚህ ፊልሞች ሰዎቹ በራሳቸው ቋንቋ ይናገራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ከብቶቹም ይንቀሳቀሳሉ። ስትሬከርና ሊዶልም ከ1970 ጀምሮ በሐመር ቆይታቸው በርካታ ፊልሞች አውጥተዋል፤ በከብት ላይ የሚዘለልበትን ሥርዓት ሙሉ ሂደት የያዘው ከእነዚህ አንዱ ነው። ጂንካን ቁልቁል ከሚያየው ኮረብታ ላይ የቆመው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከልም የዚሁ ትውልድ ድካም ውጤት ነው፤ በማይንዝ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው ስትሬከር ለመቋቋሙ ብዙ ደክሟል።

ፎቶግራፉ ሌላ መንገድ ሄደ። መንገዱ ሲሻሻል ከጂንካ በመኪና ማጎን አቋርጦ ሙርሲ መንደር ገብቶ በዚያው ቀን መመለስ ተቻለ። ጎብኚው በፎቶ ቁጥር ይከፍላል፤ ተነሺውም ተመራጭ ለመሆን ቀድሞ አብረው የማይታዩትን ቀንድ፣ ቅርጫትና ቅብ በአንድ ላይ መደራረብ ጀመረ። ተርተን በ2004 ስለዚሁ በጻፈው ጽሑፍ ሙርሲዎችን ራሳቸውን ይህ ግብይት ምን ያህል እንደሚከፋቸው አስፍሯል። ሃንስ ሲልቬስተር በ2008 ‹ተፈጥሯዊ ፋሽን› በሚል ርእስ ያወጣው የፎቶ መጽሐፍ በአበባና በቅጠል የተሸለሙ የኦሞ ወጣቶችን ፊት ለዓለም አዳረሰ። ምስሎቹ ያምራሉ። ነገር ግን በፋሽን ዓይን የታየ ንድፍ ደንቡም፣ ስሙም፣ እንቅስቃሴውም ተቆርጦበታል። ያ ነጠብጣብ ከየትኛው ወፍ ወይም ከብት እንደመጣ፣ አፈሩ ከየት እንደተቆፈረ፣ ሰውየው ሲዘል ምን እንደሚሆን ገጹ አይናገርም።

የሚጠፋን ሥዕል በእንቅስቃሴ ይዞ የማቆየት ዘዴ በኢትዮጵያውያን እጅም ተሞክሯል። በ1980 በአዲስ አበባ የተወለደውና በአሥራ ስምንት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ በአንድ ሸራ ላይ ይሥላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ይሥላል። በ2011 የሠራው ‹ሒሳብ› ስለ አህያ፣ ውሻና ፍየል የታክሲ ሒሳብ የሚነገረውን የአዲስ አበባ ተረት ይተርካል። ሥራው ሲያልቅ ቀዳሚዎቹ ሥዕሎች ሁሉ ከቀለሙ ሥር ተቀብረዋል፤ የሚቀረው ፊልሙ ነው። ውቤ ተረት ተራኪ እንጂ የአብስትራክት ሠዓሊ አይደለም፤ ዘዴው ግን በየጭፈራው እየታጠበ እንደገና ለሚሠራው የካራ ቅብ የሚስማማ ነው። ከሙርሲዎች ደግሞ ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ ካሜራውን ራሱ ይዞ ስለ ወገኖቹ የቀረጸው፣ ከቤን ያንግ ጋር ያዘጋጀው ፊልም በ2009 ለዕይታ በቅቷል። ከላይ የተጠቀሱት የሙርሲ ፊልሞች ሁሉ ከውጭ በመጣ ሰው ትከሻ ላይ ያረፉ ነበሩ።

ጊዜው ግን እየጠበበ ነው። በ2011 የኩራዝ ስኳር ልማት ፕሮጀክት በታችኛው ኦሞ ተጀመረ፤ በታኅሣሥ 2016 የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብም ኦሞ በየዓመቱ እየሞላ የሚያለማውን ዳርቻ አስቀረ። ማሽላውን ወንዙ ዳር ይዘራ የነበረው ቦዲና ሙርሲ ሲርበው የሚሸጠው ከብቱን ነው፤ የግጦሽ መሬቱም አነሰ። መንጋ ሲመናመን የሚጠፋው ሀብት ብቻ አይሆንም። ሃያ ዓይነት መልክ የነበረው በረት አምስት ዓይነት ሲቀርለት፣ የቀሩት ስሞች የሚጠሩት አካል ያጣሉ፤ ለሕፃኑ ስም ሲወጣ የሚመረጥለት በሬም ላይገኝ ይችላል።

ቱሪንግ በእጁ ለሰዓታት ያሰላውን ንድፍ ዛሬ የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በላፕቶፑ በሰከንድ ያወጣዋል። የዊትኒንም ነጠብጣብ እንዲሁ። ማሽኑ ሊያወጣው የማይችለው ሽማግሌው የሚያውቀውን ነው፤ ይህች ጥጃ የየትኛዋ ላም ልጅ እንደሆነች፣ ንድፏ ምን እንደሚባል፣ ከየትኛው ኮርማ እንደመጣ፣ ማን በእሷ ስም እንደሚጠራ። ይህ መመዝገብ ያለበት በቆመ ፎቶ አይደለም። መንጋው እየሄደ፣ ባለቤቱ በራሱ ቋንቋ ስሙን እየጠራ፣ የዘር ሐረጉ ከአማርኛ ትርጉም ጋር ተያይዞ፣ ቅጂውም መጀመሪያ ለመንደሩ፣ ቀጥሎ ለኮረብታው ሙዚየም እየተሰጠ ቢቀረጽ፣ ፉኩይና ተርተን በማስታወሻ ደብተር የጀመሩትን ሥራ የአካባቢው ወጣቶች በፊልምና በኮምፒውተር ሊቀጥሉት ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ አሁን ጂንካ ከተማ ውስጥ አለ፤ የዘር ሐረጉን በቃላቸው የያዙት ሽማግሌዎችም ገና በሕይወት አሉ።